ሰማያዊው ጀሪካንና የከድር ሳቅ

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ የጫማ ማሰሪያ ልገዛ ኢነንሽታት፣ የፍራንክፈርት መሐል ከተማ፣ ወጥቼ ነበር። ሁለት ክር ለመግዛት ከሰፈሩ ከጉትሎይት እስከ ገበያው ጎዳና ጻይል በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ ሥራ የፈታ ነው የሚለኝ ካለ ልክ ነው፤ ሥራ ከፈታሁ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በጨዋ ቋንቋ ጡረታ ይሉታል። ማሰሪያውን ገዝቼ ስመለስ እግሬ ሳላዘው ወደ ድሮው የገበያ አዳራሽ ገባ። ከአትክልቱ፣ ከቋሊማው፣ ከአይቡ አልፌ ዓሣ መሸጫው ጋ ስደርስ ሽታው ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። የዓሣ ሽታ ብቻ አይደለም፤ በረዶ፣ ጨውና እርጥብ ገመድ የተቀላቀለበት ሽታ ነው። ሻጯ ልጅ «ምን ልስጥዎት?» አለችኝ። እኔ በዚያች ደቂቃ ከፊቷ አልነበርኩም፤ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ከአንድ ቋጥኝ ሥር በአንድ እግር ጫማ ቆሜ ነበር። ሳላስበው ሁለት ማካሬል አስጠቅልዬ ወጣሁ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ድሮ በዚያ ገንዘብ ጀልባውን ከነባለቤቱ ይሸጡልን ነበር።

ቤቴ ገብቼ ዓሣውን ሳላስቀምጥ ስልኩ ጮኸ። ነገርን ነገር ያነሣዋል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ማካሬል ስልክ ያስደውላል ሲባል ግን አልሰማሁም። የደወለው ሳሙኤል ነው፤ የአስቴር ልጅ፣ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የባቡር መሐንዲስ፣ ከእኔ ቀድሞ ራሰ በራ የሆነ። እኔ ግን አሁንም «ልጁ» ነው የምለው። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «የእትዬ ውድነሽ የኦፔራሲዮን ቴርሚን ወጣ፤ ቀኑ ተቆረጠ። ዳሌያቸውን ሊቀይሩላቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ከዚያ በፊት ባሕሩ ጋ ካልወሰድከኝ አልተኛላቸውም ብለዋል። ከሥራ ኡርላውብ ወስጃለሁ፣ ሐሙስ እንሄዳለን፣ እርስዎም አብረውን ይሄዳሉ።» እኔ ደግሞ ለምን ብለው፣ «ውሃውን የቀዱት እርስዎ አይደሉ እንዴ? ምንጩን ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቀዋል?» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። አርባ ዓመት የሸሸሁት ነገር ኡርላውብ ወስዶ መጣ።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ጉትሎይት እንደዛሬው አልነበረም። ዛሬ በመስኮቴ ቁልቁል ሳይ የወንዙ ወደብ፣ ቬስትሃፈን ላይ ነጫጭ ጀልባዎች ተሰድረው፣ ወይን የያዙ ሰዎች በረንዳቸው ላይ ይስቃሉ። ያኔ ወደቡ የከሰልና የአሸዋ ነበር፤ ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ያሰጣ ሰው ማታ ግራጫ ሸሚዝ ይሰበስባል። ሁለት ሆነን አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። ሽንት ቤቱ ደረጃው አጋማሽ ላይ ነው፤ በክረምት እዚያ የሚሄድ ሰው ካፖርት ለብሶ፣ ተሰናብቶ ነው የሚወጣው። ጥግ ላይ ባለችው ኪዮስክ አንድ ጠርሙስ ቢራ ከአንድ ማርክ በታች ነበር፣ ትንሿ ዳቦ ደግሞ በሃያ ፌኒግ። ከኪዮስኳ አጠገብ ቢጫ የስልክ ሳጥን አለች፤ እሑድ እሑድ ሐበሻ ሁሉ ፌኒጉን በካልሲ ቋጥሮ እዚያ ይሰለፋል። ሳንቲሙ ሲወርድ ስለምንሰማው «እንዴት ናችሁ፣ ደኅና ነኝ፣ ቻው» በአንድ ትንፋሽ ነበር የምንለው። ዛሬ ሳጥኗ ተነሥታ በቦታዋ የብስክሌት ማሰሪያ ቆሟል። እኔ አሁንም በዚያ ሳልፍ ኪሴን እዳስሳለሁ።

እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነኝ፣ ይኸውም ሁሉን አውቃለሁ ማለት ነው። ፀጉሬ በበር አይገባም፣ ሱሪዬ ከታች መንገድ ይጠርጋል፣ የሸሚዜ ኮሌታ ትከሻዬ ጋ ይደርሳል። እግዚአብሔር የለም ብዬ ስብሰባ ላይ ሦስት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ሦስተኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ እንዳትሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። አብሮኝ ክፍሏ ውስጥ የሚኖረው ከድር ደግሞ የደሴ ልጅ ነው፤ ነጋዴ ሆኖ የተወለደ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ቀልድ ሲሰማ ግን ራሱን መግዛት የማይችል ሰው። በዚያ ገበያ አዳራሽ ዓሣ መሸጫ ይሠራ ስለነበር ክፍላችን ባሕር ባሕር ትሸት ነበር። አረንጓዴ አሮጌ መኪና ነበረችው፣ በሯ በገመድ የሚዘጋ።

እትዬ ውድነሽ የሁላችንም እናት ነበሩ። አንድ ዲፕሎማት ቤት ሞግዚት ሆነው መጥተው፣ ዲፕሎማቱ ሲሄድ እሳቸው ቀሩ፤ ጻይል ላይ ባለ ትልቅ መደብር ጽዳት ይሠሩ ነበር። የታመመ እሳቸው ጋ ይሄዳል፣ የተጣላ እሳቸው ጋ ይታረቃል፣ ቢሮ ወረቀት የከለከለው እሳቸው ጋ ሄዶ ያለቅሳል። አንድ ሸክም ግን ከበዳቸው፤ አስቴር። አስቴር እንደ ልጃቸው የሚያዩዋት የሥራ ባልደረባቸው ነበረች፤ ካገባች ሰባት ዓመት ሆኗት ልጅ የለም። አማቷ ከአገር ቤት ደብዳቤ ይልካሉ፤ እያንዳንዱ ደብዳቤ «ለመሆኑ ደኅና ናት?» ብሎ ይጀምርና «ሌላ ሴት ማየት ኃጢአት አይደለም» ብሎ ይጨርሳል። ባሏ ደብዳቤዎቹን ይደብቃል፣ እሷ ታገኛቸዋለች፣ ከዚያ እትዬ ውድነሽ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች።

አንድ ቀን እትዬ ለወጥ የሚሆን ዓሣ ሊገዙ ሲሄዱ፣ ከድር እየጠቀለለላቸው የአሠሪው ሚስት ስታወራ የሰማውን ነገራቸው። ሴትየዋ ፈረንሳይ አገር፣ ብሬታኝ ከሚባለው ወጣ ገባ የባሕር ዳርቻ፣ ከአንዲት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው የመጣችው። ከመንደሩ በላይ ቋጥኙ ውስጥ ምንጭ አለ፣ ከምንጩ ላይ ልጅ የታቀፈች የድንጋይ እመቤታችን ቆማለች፣ መካን ሴቶች ጠጥተው ይወልዳሉ። የእትዬ እጅ ቦርሳው ላይ ደርቆ ቀረ ይላል ከድር። «ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ፈረንጅ መስለሽ ብትቆሚ የማላውቅሽ መሰለሽ?» አሉ። አንድ የኛ ሰው «ካቶሊክ ናት እኮ» ብሎ ሊከራከር ሞክሮ ነበር፤ «እናት ነች» ብለው ዘጉት። የሴትየዋ የአባት ቤት ነሐሴ ላይ ባዶ ስለሚሆን ቁልፉ ለከድር ተሰጠ። አስቴር የጉዞ ወረቀቷ ስላልደረሰላት ቀረች። እኔ ለምን ሄድኩ ካላችሁ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ደግሞ ለመንገዱ ጻይል ላይ ቡናማ፣ ተረከዙ አራት ጣት የሚሆን ጫማ በሰባ ዘጠኝ ማርክ ገዝቼ ነበር። የሁለት ሳምንት ምግቤ ነው፤ ሳያዩልኝ እንዴት ይቀራል።

ሙሉ ቀን ተጓዝን። ከድር አንዲት ካሴት ብቻ ነበረችው፣ እሷም የምትሠራው በአንድ ገጿ ነው። ክሯ ሲጠላለፍ እኔ በእርሳስ እጠመልላለሁ፤ እትዬ ከኋላ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ «አሁን ቆንጆዋ ተመለሰችለት?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰማያዊው አዲስ ጀሪካን ከጎናቸው እንደ ተሳፋሪ ተቀምጧል። በማግስቱ ጠዋት ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም። ወደብ አይባልም፤ ቋጥኙ ለሁለት ተሰንጥቆ ባሕሩ የገባበት ጠባብ ቦታ ነው። አሥር የማይሞሉ ጀልባዎች፣ ግራጫ የድንጋይ ቤቶች፣ የተከመረ መረብ፣ ከላይ የሚጮኹ ወፎች። ባሕሩ በሁለቱ ቋጥኞች መካከል እየገባ ይመታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይመታል። እኔ «አሁን በቃው» እያልኩ ስጠብቅ ቆየሁ፤ አልበቃውም።

ፍልሰታ ነው። እትዬ ትእዛዝ ሰጥተዋል፤ ውሃው የሚቀዳው ከቀትር በፊት ነው፣ የሚቀዳው ሰው እህል አይቀምስም፣ በባዶ እግሩ ይወጣል፣ ሳይናገር ይቀዳል፣ ሳይናገር ይመለሳል። እሳቸው ቤት ውስጥ ሲጸልዩ እኔና ከድር «አየር ልንቀበል» ወደ ጀልባዎቹ ወረድን። አንድ ፂማም ዓሣ አጥማጅ በድንጋይ ምድጃ ላይ ማካሬል በቅቤ እየጠበሰ ነበር። ኑ ብሉ አለን በእጁ። ከድር ወዲያው ተቀመጠ። እኔ ጥቂት አመነታሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፣ ብቻ የበላሁት ሦስት ነው። ቅቤው ጨው ያለበት ነው፣ በዳቦ እየጠረግን በላነው። እንደዚያ ያለ ዓሣ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም፣ አልዋሽም።

ጣቴን ስልስ ከላይ ጥሪ መጣ። «ጌታሁን!» የመንደሩ ወፎች ሁሉ ተነሡ። እትዬ ነጭ ለብሰው ከመንገዱ ሥር ቆመዋል። «ከድር እስላም ነው፣ እኔ ከፍታ ያዞረኛል። ስለዚህ አንተ ነህ። እህል ቀምሰሃል?»

«ኧረ አልቀመስኩም፣ እትዬ።»

«ከንፈርህ ላይ የሚያበራው ምንድን ነው?»

«ቫዝሊን ነው። ነፋሱ እንዳይሰነጥቀኝ።»

ከድር ከጀርባዬ ሳል ያዘው። እትዬ አማተቡብኝ፣ ጀሪካኑን ሰጡኝ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። እኔ ሽቅብ ወጣሁ። ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ የድንጋይዋን እመቤት አየኋት፣ እሷም አየችኝ። ይኼኔ ቆምኩ። እግዚአብሔር የለም ብሎ ሦስት ጊዜ የተናገረ ሰው፣ በፍልሰታ ቅቤ በልቶ፣ ዋሽቶ፣ ምንጯን ሊነካ ፈራ። እንዲህ ያለ ካፊር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብመለስ እትዬ ምን ይሉኛል፣ ብወጣ እሷ ምን ታደርገኛለች። በቋጥኙ ጀርባ ዞሬ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ወረድኩ። አውልቄ በእጄ የያዝኩትን ጫማዬን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፤ እኛ የምናውቀው ውሃ ጣናና ዝዋይ ነው፣ ባስቀመጡት ቦታ የሚገኝ ጨዋ ውሃ። ጀሪካኑን አጋድሜ ከባሕሩ ሞላሁ። ክዳኑን በችኮላ ገጥሜ ቀና ስል የቀኝ እግር ጫማዬ የለም። ውሃው መጥቶ፣ መርጦ፣ አንዷን ይዟት ሄዷል። ከፊት ለፊት ከድር ጀልባው ላይ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ ሁሉን ያየኛል።

በአንድ ጫማ እያነከስኩ ደረስኩ። እትዬ ስለ ጫማው ሲሰሙ እንባቸው መጣ። «ሙሴም አውልቅ ተብሏል» አሉ። ከዚያ በክዳኑ ቀድተው ቀመሱ። ዓይናቸው ተበልጥጦ ቀረ፣ ወደ ቋጥኙ ጀርባ ሄደው ሆዳቸውን ባዶ አደረጉ፣ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «አቤት ኃይሉ» አሉኝ፤ «ኃይለኛ ነች። በል እጅህን ልሳም።» ሳሙኝ። ያቺ መሳም እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለች፣ ትበላኛለች።

ስንመለስ ድንበሩን አልፈን አንድ የአውቶባን ማረፊያ ቆምን። ከድር ከዓሣ አጥማጁ የለመነልኝን ትልልቅ የላስቲክ ቦት አጥልቄ ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ። ሁለቱም መኪናው ውስጥ ናቸው። እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል፣ ከድር መሪውን ይዞ ከንፈሩን ነክሷል፣ የኋላው ምንጣፍ ርሷል። «ዝናብ ገባ» አለኝ ከድር። ሰማዩ ላይ የጥጥ ያህል ደመና አልነበረም። አልጠየቅሁም፤ ሆዱ ያደፈ ሰው ምን አፍ አለው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የፍራንክፈርት ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ ወጥ ቤት በር ላይ ሰልፍ ነበር። በስኒ ይሰጣል፣ የጠጣው ይሮጣል፣ የሮጠው ተመልሶ ይመሰክራል። የሳይነሱ፣ የራስ ምታቱ፣ የአውስሌንደርቤሆርደ፣ የውጭ ዜጎች ቢሮው፣ ቴርሚን ያስፈራው፣ ሁሉም ዳነ። አስቴር ሰባት ጠዋት ጠጣች። በዓመቱ ሳሙኤል ተወለደ። አማቲቱ ደብዳቤ መጻፍ አቆሙ። ክርስትናው ላይ አስቴር ተነሥታ፣ «ይኼ ልጅ ከቋጥኝ ምንጭ የተቀዳ ነው፣ የቀዳልኝም ጌታሁን ነው» ብላ ስትናገር ቤቱ እልል አለ። ከድር ግን ፊቱ ቀልቶ ብድግ አለና «ሲጋራ ላጭስ» ብሎ ወደ በረንዳው ወጣ። ከድር በሕይወቱ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። በመስታወቱ ውስጥ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር። በልደቱም እንደዚሁ፣ በምረቃውም፣ በሠርጉም፤ ጸበሉ በተነሣ ቁጥር ከድር በረንዳ ነው። እኔ በእኔ እየሳቀ ነው ብዬ ዓመታት ሙሉ ላብ ያጠምቀኛል። አላህ ይዘንለትና ሦስት ክረምት ሆነው ከሞተ። ሆስፒታል ልጠይቀው ብሄድ እጄን ይዞ፣ «ጌታሁን፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር፤ ተወው፣ ያስቀኛል፣ ሐኪሙ ደግሞ አትሳቅ ብሎኛል» አለኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ከድር ዝምታውን ይዞት ሄደ።

እንግዲህ ሐሙስ ሄድን። እትዬ ውድነሽ ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ከከተማው ዳር ቦናመስ፣ ቤን-ጉሪዮን-ሪንግ በሚባለው ጎዳና ስምንተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሳሙኤል ትራስ ደርድሮ ከፊት አስቀመጣቸው። ያንኑ ሰማያዊ ጀሪካን ከየት እንዳወጡት አላውቅም፣ ቀለሙ ነጥቶ እግራቸው ሥር ቆሟል። ዛሬ ድንበሩ ላይ ማኅተም የለም፣ ካሴት የለም፣ አንዲት የማትታይ ጀርመን ሴት ከመኪናው ውስጥ ግራ ታጠፉ ቀኝ ታጠፉ ትላለች። «ይቺ ደግሞ ሥራ የላትም?» ይላሉ እትዬ። ሳሙኤል መሪውን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ለልጄ ሁልጊዜ ነው የምነግራት» አለኝ። «ፓፓ ከድንጋይ ውስጥ ነው የመጣው እላታለሁ። ዳስ ግላውብ ኢሽ ኒሽት ትለኛለች፣ አላምንም ማለቷ ነው። ዘንድሮ ፎቶ አንሥቼ አሳያታለሁ።» እኔ በመስኮት ወደ ላሞቹ ተመለከትኩ። ልጁ ይቺን ታሪክ እንደ ልደት ወረቀቱ ይዟት ነው የሚኖረው። እውነቱን ብነግረው ምኑን እወስድበታለሁ? ባልነግረው ደግሞ እኚህ ሴት በቢላዋ ሥር የሚተኙት በእኔ ውሸት ታምነው ነው። መንገዱን ሙሉ ይኼንኑ ሳላምጥ ደረስን።

መንደሩ እዚያው ነው፤ ጀልባዎቹ አራት ቀርተዋል፣ ቤቶቹ የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል፣ ፂማሙ ዓሣ ይጠብስበት የነበረው ቦታ አንዲት ልጅ አይስክሬም ትሸጣለች። ወደ ምንጩ የሚወጣው መንገድ የብረት መደገፊያ ወጥቶለታል። ባሕሩ ግን ያው ነው፣ አሁንም አልበቃውም። ሳሙኤል ጫማውን አወለቀ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም» አለን፣ ጀሪካኑን አንሥቶ ራሰ በራው እያበራ ሽቅብ ወጣ። እኔና እትዬ ከታች አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረን።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት እፈልጋለሁ።»

«ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ማካሬሉን፣ ውሸቱን፣ ፍርሃቴን፣ ባሕሩን፣ ሁሉንም። አንዴም ቀና ብዬ ሳላያቸው ጨረስኩ። ባሕሩ ሦስት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ።

«ቅቤ ነበረው?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ዓሣው።»

«ነበረው።»

«በፍልሰታ።»

«አዎ፣ በፍልሰታ።»

«ቫዝሊን ነው አልከኝ እኮ፣ አንተ። ከድር አንድ ቀን 'እትዬ፣ ያ ልጅ ያን ዕለት በልቶ ነበር' ቢለኝ የሰው ስም አታጥፋ ብዬ ሦስት ወር አኩርፌዋለሁ።» ከዚያ በመቋሚያቸው መሬቱን እየጫሩ ቆዩ። ልቅሶ የሚጀምሩ መስሎኝ ነበር። «ባሕሩን ነው የቀዳኸው?» አሉ እንደገና።

«ባሕሩን ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ ሕዝቡን ሁሉ ባሕር አጠጣሁት።»

«አላጠጣኸውም።» ድምፃቸው ወረደ። «ስማኝ፣ እኔም ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተናገርኩት ነው። አንተ ያን ዕለት ሽንት ቤት ስትሄድ ጀሪካኑ ወድቆ አገኘሁት። ክዳኑ አልተገጠመም፣ ጠብታ አልቀረም። ሁሉም ምንጣፉ ላይ ነው። አስቴር ቤት ሆና ትጠብቀኛለች፤ ምን ብዬ ልግባ? ባዶ ይዤ ብገባ የምትሞት መሰለኝ። ከድርን በሞትኩልህ ዝም በል አልኩት። ማረፊያው ላይ እጅ መታጠቢያ ቧንቧ ነበረ፣ ከዚያ ሞላሁት።»

እኔ አፌ አልዘጋ አለኝ። «ታዲያ እትዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ኃይለኛ ነው ያለው? ጨው ጨው የሚለው?»

«ጨው ነዋ። ቤት ስገባ ብቀምሰው ውሃ ውሃ ይላል። ቋጥኙ ሥር የቀመስኩት እንዲያ አልነበረም። እንደዚያኛው እንዲሆንልኝ ብዬ የወጥ ጨው ጨመርኩበት። አንድ ጥቅል ሙሉ። አርባ ዓመት ሰው አታለልኩ እያልኩ ስቃጠል፣ ከመሞቴ በፊት እውነተኛውን ልቅዳላቸው ብዬ ነው ልጁን ያስቸገርኩት።»

ተያየን። ማን እንደቀደመ አላውቅም፣ ግን ሁለታችንም እኩል «ከድር» አልን። እኔ ከባሕሩ ስቀዳ ያየ ከድር ነው። እሳቸው ከቧንቧ ሲቀዱ ያየም ከድር ነው። የእኔን ባሕር ለእሳቸው፣ የእሳቸውን ቧንቧ ለእኔ ሳይናገር፣ አስቴር በተነሣች ቁጥር ሁለቱን ተሸክሞ በረንዳ የሚወጣ ከድር። ለካ በእኔ ብቻ አልነበረም የሚስቀው። ሳቅን። እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን አፍነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ «ዳሌዬን፣ ዳሌዬን» እያሉ ሳቁ። እኔ ሳቄ መሐል ላይ ተሰብሮ አለቀስኩ። ናፈቀኝ። እንደዚያ ያለ ሰው ከእኔ ጋር አንዲት ክፍል ይኖር ነበር፣ ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ እያልኩ መስኮት እከፍትበት ነበር።

«ለልጁስ?» አልኳቸው ስንረጋጋ።

እትዬ ፊታቸውን ጠረጉ። «ለልጁ ምን እንለዋለን? ልጁ ከእግዜር ነው የመጣው፤ ውሃው ሰበብ ነው። ውሃው የቧንቧ ነበር፣ ጨውም የወጥ ቤት ነበር። ያን ዕለት እዚህ ቆሜ የጸለይኩት ጸሎት ግን የቧንቧ አልነበረም።»

ሳሙኤል ጀሪካኑን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አቅፎ ወረደ። ሳይናገር ደርሶ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ «ምነው አለቀሳችሁ?» አለ። «ነፋሱ ነው» አሉት እትዬ። «ጌታሁን ቫዝሊን ረስቶ።»

እሑድ ከሰዓት ቦናመስ ስምንተኛ ፎቅ ሞልቶ ነበር። እትዬ ክዳኑን ራሳቸው ገጥመው፣ መንገዱን ሙሉ በእግራቸው መሐል ይዘው ያመጡት ውሃ ነው፤ እውነተኛው፣ ከእመቤታችን እግር ሥር የተቀዳው፣ ጥርት ያለ። መጀመሪያ እሳቸው ተጠመቁበት፣ ከዚያ በስኒ ለሁሉም ተዳረሰ። ሁሉም አማትቦ ጠጣ፣ ሁሉም ተቀምጦ ጠበቀ። ማንም አልሮጠም። አስቴር ዛሬ ሰባውን አልፋለች፤ ስኒዋን ጨልጣ፣ ምላሷን አጣጥማ፣ ወደ እትዬ ዞረች።

«ይኼ የድሮው አይደለም» አለች። «እትዬ ይሙቱ፣ ይኼማ ዝም ብሎ ውሃ ነው። ኃይል የለውም። የዚያን ጊዜው እኮ ገና አፍ ሲገባ ይታወቅ ነበር። እዚያ አገር ምንጩን አበላሽተውታል።» ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። አንዱ የአየር ንብረቱ ነው አለ፣ ሌላው ቱሪስት ነው አለ። እትዬ ውድነሽ ጠረጴዛው ላይ ካለችው የጨው ዕቃ ላይ ዓይናቸውን ነቅለው፣ እንደ ቅድስት ተረጋግተው ተመለከቱኝ።

ሳቁ ከሆዴ ሽቅብ ሲመጣ ታወቀኝ። ብድግ አልኩና «ሲጋራ ላጭስ» ብዬ ወደ በረንዳው ሮጥኩ። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ፣ ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ቤን-ጉሪዮን-ሪንግ ላይ ሳቄን ለቀቅሁት። ጥቂት ቆይቶ ሳሙኤል አንገቱን አወጣ።

«ጋሼ፣ ያጨሳሉ እንዴ?»

«አላጨስም» አልኩት። «የከድር ቦታ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው።»